መያዣ የሌለው ቀጠሮ

አባባን ትናንት ቀበርናቸው።

እትዬ ሙሉብርሃን፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ ድንኳኑ በዚያ በኩል ያፈሳል። ጥቅምት ተጋምሶም ዝናቡ አልቆመም… ቡናው ቀልቶ እያለ እንዲህ ይዘንባል? አገራችን ሁሩሙን ዘንድሮ ምን ነካት? ንፍሮውን ይቅመሱ እንጂ። ጨው በዝቶበታል አይደል? ዓያንቱ ናት የቀቀለችው። ሚስቴ ስታለቅስ እጇ አይመጥንም። ለነገሩ ሁላችንም እዚያ ድስት ላይ ጎንበስ ብለን አልቅሰናል፤ ስህተቷ ከዚያ በኋላ ጨው መጨመሯ ነው።

ድምፄን ከፍ አደረግሁብዎ እንዴ? ጆሮዎ ደከም ያለ መስሎኝ ነው። ደህና ነው? እግዜር ይመስገን። እንግዲህ አንዴ ከፍ ብሏል፣ እንዳለ ይሂድ። ሌላ ሰው ይስማልኝ ብዬ እንዳይመስልዎ። እዚያ ምሰሶው ሥር ለተቀመጠ ሰው ምን አገባኝ? ቢሰማስ ምን ይሰማል… ስልኩ ላይ ነው።

ማታ ግን ለእማዬ ያላትን ሰምተዋል? እጇን ይዞ፣ "ነገ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፣ ስብሰባ አለብኝ፤ ለአርባው ግን እመጣለሁ፣ አይዞሽ" አላት። ቅድምም ደገመላት። እንዴት ደስ ይላል! ሠልስቱን እንኳ ሳይቀመጥ አርባውን ያሰበ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኛ ነገን አናስብም፤ እሱ ከነገ ወዲያ ያለውን ሁሉ ጨርሶታል።

እማዬን ይዩዋት እስኪ። ትናንት ሰው ደግፎ ያቆማት ሴት ዛሬ ቀና ብላለች። ሻሿን አስተካክላ መንገዱን ታያለች። አባባም እንዲህ ነበር ቀና የሚሉት። የሚቀመጡባት ዱካቸው በሩ አጠገብ እንዳለች ናት፤ ማንም አላነሣትም። እማዬ እሷ ላይ ትቀመጣለች ብዬ ነው የምፈራው… የምደሰተው ማለቴ ነው። ባዶ መቀመጫ መቼም አያምርም።

ሐሜት አልወድም፤ ያውቁኛል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ነውር ነው። ስለ ትምህርት እናውራ። ትምህርትን የሚጠላ አለ? እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሜ ወደ ቡናው ገባሁ። አባባ ግን ከእኔ ሌላም ልጅ ነበራቸው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እሱን ቴሌቪዥን ይጠራልናል። መቱ ተምሮ አንደኛ ወጣ፤ አዲስ አበባ ገብቶ ሕግ ተማረ። ሌላው ሕግ ሲማር ስለ ነፍስ ግድያ ይማራል፣ ስለ ፍቺ ይማራል። እሱ ስለ እኛ ተማረ፤ ስለ ገበሬ። የግብርና ፖሊሲ ሲወጣ እጁ የሌለበት የለም ይላሉ። ገበሬ ምን እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚሸጥ፣ ማታ ምን እያሰበ እንደሚተኛ… ሁሉን ያውቃል። ርቆ ስለሚኖር ነው አጥርቶ የሚያየን። እኔ በየቀኑ ከገበሬ ጋር እውላለሁ፤ ምን አየሁ? ጭቃ።

ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ትምህርት ጨመረ። ስለምን መሰለዎ? ገና ስላልተለቀመ ቡና። የወደፊት ግብይት ይሉታል። ሻጭና ገዢ ዛሬ ይዋዋላሉ፤ ቡናው የሚሰጠው በኋላ ነው፣ በተባለው ቀን። ይሄን የሚቆጣጠረው ሕግ ሲረቀቅ ብዕሩን የያዘው እሱ ነው አሉ። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ተቆጣጣሪ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ረጅም ነው፤ አባባ ሊጠሩት ይጀምሩና መሃል ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው "…ልጄ ቤት" ብለው ይጨርሱታል።

ስልክ ይደውሉለታል፤ "ስብሰባ ላይ ነኝ አባባ፣ እመለስበታለሁ" ይላቸዋል። ሰው "ልጅዎ የት ነው የሚኖረው?" ሲላቸው፣ "ስብሰባ ነው የሚኖረው፤ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ይወጣል" ይሉ ነበር። ስቀው ነው የሚሉት። ጥርሳቸውን ብቻ ላየ ሰው በደንብ ይስቃሉ።

መቱ ላይ የሰጠውን ሥልጠና አልነገርኩዎትም? እርስዎ ያኔ ታመው ነበር። ሁለቴ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ስለ አበባ ሽያጭ አስተማረን። መቼም ያውቁታል፤ ክረምት የከበደው ሰው ቡናው ገና አበባ ሳለ ለነጋዴ ይሸጠዋል። "ይህ ሕገወጥ ነው፣ ያስጠይቃል" አለን። ደንግጠን ገባን። ኪቲላ ጎረቤታችን አበባ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር… የቤተ ክርስቲያኑን ጽጌረዳ እንኳ ቀና ብሎ አላየም።

ሁለተኛ ሲመጣ ከረባት አስሮ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ፣ "ገና ያልደረሰ ቡና ዛሬ መሸጥ ይቻላል፤ ዘመናዊ ነው" አለ። ለእንግዶቹ ብሎ በአማርኛ ስለተናገረ፣ ወደ ኦሮምኛ የሚመልሰው አስተርጓሚው ፋኦል ነበር። ፋኦል ቆም አለና እሱን አየው፣ እኛን አየን፣ "ጉርጉርታ ዳራራ" ብሎ ቁጭ። የአበባ ሽያጭ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኪቲላ ተነሥቶ፣ "ታዲያ ያንጊዜ ለምን አስፈራራኸን? ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለ። ከኋላ አንዱ "ከረባቱ!" ብሎ ጮኸ። እሱ ግን አልተቆጣም። የተማረ ሰው አይቆጣም። "ልዩነቱ መያዣው ነው" አለን። ቃል የገባ ሰው አስቀድሞ መያዣ ያስይዛል። በቀኑ ካላስረከበ መያዣው ይወሰድበታል፤ ሁለተኛም ገበያው ውስጥ አይገባም። ቃል ብቻውን አይታመንም አለን። ከዚህ የተሻለ ሕግ አለ?

አባባ ያን ቀን እዚያው ነበሩ። አዎ! "ልጄ መቱ መጥቷል" ብለው ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው በሚኒባስ ሄዱ። ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ። ጥያቄ አለ ወይ ሲባል እጃቸውን አወጡ። "ሰውዬው እመጣለሁ፣ አመጣለሁ እያለ ቀኑን ቢያሳልፍስ? የሚጠብቀው ሰው ምን ያድርግ?" አሉት። እሱም "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባት፤ እናመሰግናለን" አላቸው… ከዚያ ለሁላችንም አብራራ።

አይ፣ አይፍረዱበት። ሥዕሉ እንዲታይ መብራት አጥፍተው ነበር። ሰው አባቱን በጨለማ እንዴት ያውቃል? በድምፁ? ድምፅ ይመሳሰላል። እዚያ የነበረው ሽማግሌ ሁሉ ጉሮሮው አንድ ነው። አባባ ግን አልከፋቸውም። የዚያን ዓመት ለቀማ እስኪያልቅ ላገኙት ሰው ሁሉ "ጥሩ ጥያቄ ነው አለኝ" ሲሉ ከረሙ። "በጣም ጥሩ" ነበር ያለው፤ እሳቸው ለትሕትና ቀነሱት።

ምሳ በሆቴል ነበር፤ ለእንግዶቹ። እማዬ እዚህ ዶሮ ሠርታለች። ከመቱ ሁሩሙ ምን አላት? እርስዎ በእግርዎ ሲመላለሱ ኖረዋል። ለመኪና ግን ሩቅ ይሆናል መሰለኝ። ዶሮዋን እኔ በላኋት። ለእሱ የተሠራ ዶሮ እንዴት እንደሚጣፍጥ አይጠይቁኝ! ቶሎ ቶሎ እመጣለሁ ይበል ብዬ ተስዬ ነበር። ስለቴ ሰምሯል፤ ቶሎ ቶሎ ብሏል።

ጎንዎን ያዞሩት ዝናቡ ደርሶብዎት ነው? ወይስ እሱን ሊያዩ ነው? ይዩት፣ ይዩት። ስልኩን ኪሱ ከተተ? አዬ… ባትሪው አልቆ ይሆናል።

በሩ አጠገብ ያለችውን የቡና ዛፍ መቼም ያውቋታል። ለትምህርት የሄደ ጊዜ አባባ "ይህችን ማንም አይነካትም፤ አንተ መጥተህ ትለቅማታለህ" አሉት። "ለለቀማ እመጣለሁ" አላቸው። ውሉ ይኸው ነው። በየዓመቱ ሌላውን ሁሉ እንለቅማለን፤ እሷ ትቀራለች። ትቀላለች፣ ትጠቁራለች፣ እዚያው ቅርንጫፏ ላይ ደርቃ ጀንፈል ትሆናለች። ደቦ የመጣ ሰው ተሳስቶ እጁን ሲዘረጋ አባባ ከሩቅ "ባለቤት አላት!" ብለው ይጮኻሉ። የገበያ ሰው አጥሩ ላይ ቆሞ ይስቅብናል። የያዮ ዘመዶቻችን መጥተው "ጫካ ውስጥ ያለ ቡና እንኳ ይለቀማል፤ እናንተ በራችሁ ላይ ያለውን ታበሰብሳላችሁ?" ይሉናል። በመጨረሻ ማን ይለቅማታል? ጦጣ። ጦጣዎቹ አንድ ዓመት ቀርተው አያውቁም። በቀናቸው ይመጣሉ፣ ጨርሰው ይሄዳሉ… መያዣ ያስያዙ ይመስል። አባባ ጦጣውን ለማባረር ድንጋይ ያነሡና ይተዉታል። "ይብላ፤ እሱስ መጥቶ የለ" ይላሉ።

ልጄ ገሊላ አፏን የፈታችው ምን ብላ መሰለዎ? "አባ" አላለችም፣ "እማ" አላለችም። "መጣ" ነው ያለችው። ከአያቷ ጋር በር ላይ ስትውል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለቱም ብድግ ይላሉ። እሳቸው በልባቸው ሲሉ እሷ በአፏ ትላለች። "መጣ!" ዛሬም ትለዋለች። ጠዋት የእድሩን ወንበር የጫነ ጋሪ ሲመጣ "መጣ" ብላ ሮጠች። አያቷን ዞር ብላ ፈለገቻቸው… ንፍሮውን ይቅመሱ እንጂ፣ እትዬ። በጨው የተነሣ እንባ የሚመጣ ከሆነ ግን ይተዉት። እኔም ትቼዋለሁ።

ትናንትም እኮ "ጠብቁኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ" ብሎ ደውሎ ነበር። ጠበቅነው። ቄሱ ሰማዩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ ሳጥኑን አየሁ። አባባ ምንም አላሉም። ምን ይላሉ? የለመዱት ሥራ ነው። እኛ እግራችንን እየቀያየርን ቆመን እሳቸው ተኝተው ጠበቁ፤ ከሁላችንም ይልቅ ታገሡ። ዝናቡ ሲመጣ ቀበርናቸው። እሱም ብዙ አልዘገየም፤ አፈሩ ገና እርጥብ እያለ ደረሰ። ግን እንዴት አለቀሰ! ቃሉ የተመረጠ፣ ድምፁ የተመጠነ። እኛ ዋይ ዋይ ስንል እሱ "አባቴ፣ ሳልደርስልህ!" አለ። አንድ ቃል ስህተት አለበት? የሕግ ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ማስረጃ የሌለው ነገር አይናገርም።

እና ታዲያ እኔም እሱ ራሱ ያስተማረኝን ነው የማስበው። ለአርባው እመጣለሁ ብሏል። ጥሩ። መያዣው የታል? መኪናውን እንዳያስይዝ የመንግሥት ነው። ከረባቱን እንዳያስይዝ ሌላ አለው። ቃሉን እንዳንል፣ ብዙ ቃል አባባ ዘንድ ነበር፤ ትናንት አብሯቸው ወርዷል። ስልኩን ቢያስይዝ ግን… አሁን ገባዎት! ስልኩን ለእማዬ አስይዞ ቢሄድ ለአርባው ቀርቶ ለነገ ጠዋት ይደርስ ነበር። ዓያንቱ በምጧም ጊዜ እንዲህ አልቸኮለች።

እየቀለድኩ ነው። ማን ይጠይቀዋል? ትልቅ ሰው ነው። እኔ የምለው እማዬን ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት፣ ገና ከአልጋዋ ሳትነሣ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት? "ያችን ዛፍ እንዳትነኳት፤ ለአርባው ይመጣል" አለችኝ። በአባባ ድምፅ ነው ያለችው፤ ቁርጥ በእሳቸው ድምፅ። አባባን ቀብሬያቸው ገብቼ፣ በማግስቱ እንደ ገና ሲጠብቁ አገኘኋቸው። አንድ ሰው በር ላይ ሲያረጅ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ለማየት ዓይን የለኝም።

ስለዚህ ቅርጫት አነሣሁ።

አዎ፣ ለቀምኳት። እስከ ጫፏ። ዝናብ እየወረደብኝ፣ አንዲት ፍሬ ሳላስቀር። እጄን ይዩት፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ቅርንጫፉ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ስላልነካው መጎንበስ ጠላ። እኔም እንደሱ ነኝ፤ አልከፋኝም። እማዬ ገና አላየችም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ብቻ ነው። ስታይ ትቆጣኛለች። ትቆጣኝ። የተለቀመ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሲመጣ ደግሞ ይምጣ! ለሰው ነው የሚመጣው እንጂ ለዛፍ ነው? ከመጣ እኔው ራሴ ዶሮ አርዳለሁ፤ ደግሞም አልበላበትም።

እሸቱን ምን አደረግኸው አሉኝ? ባለቤት አለው እኮ። ጆንያ ውስጥ ጨምሬ መኪናው ኋላ ጫንኩት፤ ከሻንጣው ሥር። ሾፌሩ "ምንድን ነው?" ቢለኝ "አባቱ ያስቀመጡለት ነው" አልኩት። ሰውየው አዘነ፤ በሁለት እጁ ረዳኝ። እሸት ቡና ጆንያ ውስጥ ታፍኖ፣ በተዘጋ መኪና፣ ከዚህ አዲስ አበባ ሲደርስ ምን እንደሚሸት እኔና እርስዎ እናውቃለን። እሱም ማወቅ አለበት፤ ፖሊሲውን ጽፎታል። ኬላ ላይ ደግሞ ቀይ እሸት ያለ ፈቃድ ማሳለፍ ክልክል ነው ብለው ቢያስቆሙት፣ ደንቡን ማን እንዳረቀቀው እዚያው ይነግራቸዋል። ኮርቶ ይነግራቸዋል። ብቻ በእኛ በኩል ያለው ተፈጽሟል፤ አባባ በሕይወታቸው ቃል የገቡትን ሁሉ አስረክበናል። ከእንግዲህ ጦጣዎቹ ናቸው የሚያዝኑት።

ተነሣ እንዴ? ሾፌሩ ሞተር አስነሣ መሰለኝ። ወደዚህ እየመጣ ነው፤ ሊሰናበተን ይሆናል። ጋቢዎን ያስተካክሉ፣ እትዬ። ዓይኑ የቀላ ይመስላል… ንፍሮውን ቀምሶ ይሆናል።

በሩን መክፈት አያስፈልግም፤ ሰፊ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠባብ እንደነበር ያስታውሳሉ? ሐሙስ ዕለት ደውሎ ነበር። "እሑድ እመጣለሁ፣ አዲስ መኪና ተሰጥቶኛል፣ ትልቅ ነው" አላቸው። አባባ ያን ሰምተው እንቅልፍ አጡ። "በሩ አያሳልፈውም፤ አይቶ ይመለሳል" አሉ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሳልሰማ ዶማ ይዘው ወጥተው፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ቋሚዎች ራሳቸው ነቀሉ። አጥሩን ወደ ጎን ገፉት። መኪና ምን እንደሚያህል ስለማያውቁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ በሩ መሃል ቆመው ለኩት። አልበቃ ሲላቸው ደግሞ ገፉት። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ፤ ዱካቸው ላይ ወደ መንገዱ ዞረው ተቀመጡ። ስናገኛቸው እዚያው ነበሩ። ልፋታቸው ከንቱ አልሆነም፤ ሳጥኑን ስናወጣ ጎኑ እንኳ አልነካም። ስድስት ሰው ተሸክሞ እንደልቡ አለፈ። ለልጃቸው ባሰፉት በር፣ ትናንት እሑድ፣ መጀመሪያ የወጡበት እሳቸው ናቸው።

በሉ ይነሡ፣ እትዬ፤ እጅዎን ይስጡኝ። ትልቅ ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም። እርስዎ አሜን ይበሉ፤ እኔ የአባባን ምርቃት ልመርቅ። እግዜር መንገድህን ያቅናው። ሥራህን ይባርከው። ከፍ ካለውም ከፍ ያድርግህ። ጤና ይስጥህ፤ እድሜ ይስጥህ፣ እንደ አባባ ያለ ረጅም እድሜ። ስታረጅም ሰፊ በር፣ በበሩም ላይ የምትቀመጥበት ጥላ አያሳጣህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ያስተምርልህ፣ ትልልቅ ሰዎች ያድርግልህ… ሁሉም፣ አንዳቸውም ሳይቀሩ፣ ቁርጥ አንተን ይምሰሉልህ።